ላሜራውን ክላሽ «ቆርቆሮ» አትበሉት

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያ ጠመንጃውን፣ ያውም ክላሽ፣ ሊገዛ ማሰቡን ለወዳጆቹ ሲነግር የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። «ፍልፍሉን ግዛ፣ ቆርቆሮውን ተው፤ ገንዘብ ካጠረህ አጠራቅም» ይሉታል። ምክሩ ከልብ የመጣ ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ለጀማሪ ከሚሰጡት ምክሮች ውስጥ ብዙ አስወጥቶ ትንሽ የሚመልሰው ይህ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ክርክሩ ስለ ሪሲቨር ነው፤ መዝጊያው ስለሚመላለስበት፣ መዶሻውና ምላጩ ስለሚቀመጡበት፣ ካዝናው ስለሚሰካበት የብረት ቤት። ይህ ቤት የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ጥቅጥቅ ያለ ብረት በፍሬዛ ማሽን እየተቦረቦረ የሚፈለገውን ቅርጽ ይይዛል፤ ፍልፍል የምለው እሱን ነው። በሌላው ላሜራ በፕሬስ ተቆርጦና ታጥፎ ሳጥን ይሆንና ከፊትና ከኋላ ወፋፍራም የብረት ጉማጆች በሪቬት ይታሰሩበታል። በርሜሉ የሚገባውም መዝጊያው የሚቆለፈውም በፊተኛው ጉማጅ ላይ ነው። ጠመንጃ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ጉማጅ ትራኒየን ይሉታል። ነገሬ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ስለሆነ ስሙን ያዙልኝ።

የፍልፍል ወዳጆች የሚሉትን ሳላሳንስ ላቅርብ። ፍልፍል አንድ ወጥ ነው፤ የሚላላ ሪቬት የለውም፣ አይጣመምም። መዝጊያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ከራሱ ከገላው የተቀረጸ ስለሆነ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። ክብደቱ ምቱን ያረግባል። ጥብቅ ስለሆነ ዒላማ ይመታል። ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ሲሸጥም ዋጋ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «እውነተኛው» ክላሽ፣ ፈጣሪው ሚካኤል ካላሽኒኮቭ ያሰበው ክላሽ፣ ፍልፍል ነበር፤ ላሜራው ወጪ ለመቆጠብ በኋላ የመጣ ምትክ ነው ይላሉ። እንደ ማስረጃ ፊንላንድን፣ እስራኤልንና ቡልጋሪያን ይጠራሉ። ጠመንጃ የሚያውቁ አገሮች ፍልፍልን የሙጥኝ ካሉ እኛ ማን ነን?

ከመጨረሻው ልነሳ፤ ሌላውን ሁሉ የሚያሞቀው እሱ ነውና። «እውነተኛው ክላሽ ፍልፍል ነበር» የሚለው አባባል ታሪኩን ገልብጦ ያነበበ ነው። የሶቪየት ጦር በ1949 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተቀበለው የመጀመሪያው ክላሽ፣ ኤኬ፣ ሪሲቨሩ ላሜራ ነበር! የካላሽኒኮቭ ሐሳብም የሶቪየት መሐንዲሶች ምኞትም ከጅምሩ ላሜራ ነበር። የዘመኑ ትምህርት ይኸው ነበር። ጀርመኖች ኤምጂ-42 መትረየስንና ሽቱርምጌቬር 44ን በላሜራ ሠርተው ነበር። ሶቪየቶች ራሳቸው በፔፔሻ ላሜራ ጠመንጃ በሚሊዮን የሚቆጠር አምርተዋል፤ የሱዳዬቭን ፔፔኤስ ደግሞ በተከበበችው በሌኒንግራድ ውስጥ እያመረቱ ወታደር አስታጥቀዋል። በ1949 ያልደረሰላቸው የኢዥየቭስክ ፋብሪካ የብየዳና የሙቀት ሥራ ችሎታ ነበር። ሐዲዱን ከላሜራው ጋር ሲበይዱት ሳጥኑ ይጣመምባቸው ነበር፤ ከሚወጣው ውስጥ የሚጣለው በዛ። ስለዚህ በ1951 ገደማ የነበራቸውን ፍሬዛ አስነስተው ሪሲቨሩን ከጥቅጥቅ ብረት መፈልፈል ጀመሩ። ፍልፍሉ የመጣው ላሜራው እስኪሳካ ድረስ ጊዜ ለመግዛት ነው።

ላሜራውም ተሳካ። በ1959 የተሻሻለው ክላሽ፣ ኤኬኤም፣ ሲወጣ ሪሲቨሩ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ የታጠፈ ነበር። ያለ ካዝና 3.47 ኪሎ ግራም ይመዝን የነበረው ጠመንጃ ወደ 3.1 ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሶቪየት ኅብረትም ሩሲያም ወደ ፍልፍል አልተመለሱም። የ1974ቱ ኤኬ-74 ላሜራ ነው፤ የዛሬው ኤኬ-12ም ላሜራ ነው። ፖላንድ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ሃንጋሪ፣ ቻይናና ዩጎዝላቪያ ሁሉም በፍልፍል ጀምረው ወደ ላሜራ ዞሩ። ታዲያ ጊዜያዊ መፍትሔ የነበረውን «ዋናው»፣ ዋናውን «ምትክ» የሚያሰኘን ምንድን ነው?

«ርካሽ ስለሆነላቸው ነው የዞሩት» የሚል መልስ ይመጣል። አዎ፣ ርካሽ ነበር። ነገር ግን ዋጋው የወረደው ከብረቱ የሚጣለው ስላነሰና የማሽን ሰዓቱ ስላጠረ ነው። ኃይል የሚያርፍበት ብረት አልተቀነሰም። ይህ ደግሞ ወደ ጥንካሬው ጥያቄ ያመጣናል፤ የክርክሩ ልብ እዚያ ነው።

ጥይት ሲተኮስ ኃይሉ የት ያርፋል? የክላሽ ጥይት፣ 7.62 በ39፣ በበርሜሉ ማኅፀን ውስጥ እስከ 3,550 ባር የሚደርስ ግፊት እንዲፈጥር ነው ደረጃው የሚፈቅደው። ይህ ግፊት ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቀለሁ መዝጊያውን ይገፋል። መዝጊያው ግን በሁለት ጆሮዎቹ ተጠምዝዞ ትራኒየኑ ውስጥ ተቆልፏል። በርሜሉ የገባው እዚያው ትራኒየን ውስጥ ነው። እንግዲህ ያንን አስፈሪ ኃይል የሚሸከሙት በርሜሉ፣ መዝጊያውና ትራኒየኑ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ነው። በላሜራ ጠመንጃ ላይም ትራኒየኑ ጥቅጥቅ ብረት ነው፤ የፍልፍል ወዳጅ የሚመኘው ጥቅጥቅ ብረት በትክክለኛው ቦታ ተቀምጦለታል። የላሜራው ግድግዳ ሥራ ሌላ ነው። መዝጊያውን ከነተሸካሚው በሐዲድ ይመራል፣ የምላጩንና የመዶሻውን ዘንጎች ይይዛል፣ ካዝናውን ይቀበላል፣ ሰደፉን ከፊተኛው ክፍል ጋር ያገናኛል። ለዚህ ሥራ 1 ሚሊ ሜትር በትክክል የተጠናከረ ብረት በቂ ነው፤ ከ1959 ጀምሮ በየበረሃውና በየበረዶው ሲፈተን የኖረው ይኸው ነው።

ላሜራን በጣቱ እያንኳኳ «ይቺ ቆርቆሮ ግፊቱን ትችላለች?» የሚል ሰው የሚጠይቀው ያልተመደበችበትን ሥራ ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር አይበቃኝም ለሚል ደግሞ መልሱ ወፍራም ላሜራ ነው። ሶቪየቶች ለአርፒኬ ቀላል መትረየስ ላሜራውን ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር አሳደጉት። ቻይናም ላሜራውን ታይፕ 56 በዚያው ውፍረት ሠራችው። ከሁሉ የሚገርመኝ የዩጎዝላቪያው የዛስታቫ ፋብሪካ ነው። ኤም-70 ከአፈሙዙ ላይ የሚሰካ ቦምብ እንዲወረውር ታስቦ የተሠራ ጠመንጃ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ምት ከተራ ጥይት ጋር አይወዳደርም። በክራጉየቫትስ ያሉት የፋብሪካው መሐንዲሶች ይህን ምት ለማስቻል ወደ ፍልፍል አልተመለሱም። ላሜራውን 1.5 አደረጉት፣ ትራኒየኑን አወፈሩት፤ በቃ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መተኮሻ ሜዳ የሚሄድ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የከባድ መኪና ሾፌር ከዚያ የበለጠ ጥንካሬ የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ስለ ዒላማ የሚባለው ደግሞ ማስረጃ የሌለው ነው። ክላሽ ዒላማ ላይ የሚበትንበት ምክንያት የታወቀ ነው። ጋዝ የሚቀበለው ቧንቧ በርሜሉ ላይ ተጣብቆ ይጎትተዋል፤ በርሜሉ ቀጭን ነው፤ በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 37.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ የዓይን ስሕተት ይገናል፤ ርካሹ ጥይት ራሱ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። ከእነዚህ ውስጥ ሪሲቨሩን በመፈልፈል የሚስተካከል አንድም የለም። ገንዘብህን በጥሩ በርሜልና በጥሩ ጥይት ላይ አውለው፣ ልዩነቱን ወረቀቱ ላይ ታየዋለህ።

የእንቅስቃሴውን ልስላሴ ግን አልክድም። ፍልፍል ክላሽ መዝጊያው ሲሳብ የሚሰማው ልስላሴ እውነት ነው፤ እጅ ይወደዋል። ሱቅ ውስጥ ገዢን የሚያሸንፈውም ይኸው ስሜት ነው። ነገር ግን ጠመንጃው ሲተኮስ መዝጊያውን የሚገፋው ጋዝ እንጂ እጅ አይደለም፤ ጋዙ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት እንዲኖረው ሆኖ ነው የተሠራው። የክላሽ አስተማማኝነት የመጣውም ከዚያ ትርፍ ጉልበትና ከላላ አገጣጠሙ ነው።

አሁን ወደ ፊንላንድና እስራኤል። ፊንላንድ አርኬ 62 የተባለውን ክላሿን ፈልፍላለች፣ በ1990ዎቹ አርኬ 95ንም ፈልፍላለች። በመካከል ግን በ1976 የላሜራ ሪሲቨር ያለው ዓይነት ሠርታ ለሠራዊቷ አስገብታለች፤ ይህን የሚጠቅስ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ትንሽ አገር፣ ትንሽ የምርት ቁጥር፣ ጥሩ የፍሬዛ ባለሙያ፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ፋብሪካ ውድ የፕሬስ ቅርጾችን ከማሠራት መፈልፈል ይቀላል። ምክንያቱ የፋብሪካ ሒሳብ ነው። እስራኤልም በ1972 የተቀበለችው ጋሊል ከፊንላንዱ የተወለደ ነው፤ ፍልፍልነቱም ከዚያው የወረሰው ነው። ታዲያ የእስራኤል ወታደር ምን አደረገ? ባዶውን ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋውን ጋሊል ትቶ ከ3 ኪሎ የማይበልጠውን ኤም-16 መረጠ፤ ጋሊል በአብዛኛው ለታንከኛና ለመድፈኛ ቀረ። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በወታደርነት ዘመናቸው የያዙትን ጠይቋቸው፤ የክብደት ጉዳይ በረዥም ጉዞ ላይ ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል። ቡልጋሪያ ደግሞ የካዛንላክ ፋብሪካዋ በሶቪየት ፈቃድ የተከለው የፍሬዛ መስመር ስለነበራት ቀጠለችበት። ጠመንጃዋ ግሩም ነው። ግሩም የሆነው ግን ካዛንላክ ብረት ስለሚያውቅ ነው፤ የዚያው አገር ላሜራ ጠመንጃም ግሩም ነው።

አገር ከተጠራ ስዊዘርላንድንስ ለምን አንጠራም? በልኬት ጥንቃቄ ማን ይበልጣቸዋል? የስዊዝ ጦር የሚታጠቀው ሲግ 550 ሪሲቨሩ ከላሜራ ተጨምቆ የተበየደ ነው። ከክላሽ ጥይት እጅግ የሚበረታውን የኔቶ 7.62 የሚተኩሰው የጀርመኑ ጂ-3ም ላሜራ ነው። እነዚህን «ቆርቆሮ» የሚላቸው አለ?

የዚህን እምነት ሥር እረዳዋለሁ፤ አከብረዋለሁም። በእኛ ባህል ጠመንጃ ዕቃ ብቻ አይደለም። በዐድዋ የተተኮሰው ውጅግራ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ምንሽር፣ ሲነሳ እጅ የሚሞላ ከባድ ብረት ነበር። ክብደቱ የክብሩ ምልክት ሆኖ በአእምሯችን ቀረ። ነገር ግን እነዚያ ጠመንጃዎች ከጥቅጥቅ ብረት የተሠሩት የዘመናቸው ፋብሪካ ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው። የኋለኛውን ታሪካችንንም እንመልከት። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ ካጎረፈችው መሣሪያ መካከል ኤኬኤም ነበረበት፤ ያ ላሜራ ነው። ስንቱ እስከ ዛሬ በየገጠሩ በትከሻ ላይ እንዳለ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ጥንካሬን የሚያስመሰክር ቢኖር እሱ ነበር፤ እኛ ግን አሜሪካ ስንገባ ምስክሩን ረስተን የሻጭ ወሬ እናዳምጣለን።

ጉዳት የሚያደርሰውም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ገበያ ከጦር ሠራዊት መጋዘን የተለየ ነው። በ2005 መንግሥት የጦር ጠመንጃ በርሜሎች ከመለዋወጫ ጋር እንዳይገቡ ከለከለ። በ2014 በሩሲያው የካላሽኒኮቭ ኩባንያ ላይ ማዕቀብ ተጣለ፣ በ2017 ቬፕር የተባለውን ጠመንጃ የሚያመርተው ሞሎት ተጨመረ። የሩሲያ ጠመንጃ መግባቱ ቆመ። ክፍተቱን ለመሙላት አገር ውስጥ የሚሠሩ ክላሾች በዙ፤ ከእነሱ መካከል ትራኒየናቸው ተቀጥቅጦ ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ መዝጊያቸው በሙቀት በደንብ ያልጠነከረ አሉ። በእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ መዝጊያው የሚቆለፍበት ፊት በጥቂት ሺህ ጥይት ይበላል፤ በመዝጊያውና በቀለሁ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፤ ክፍተቱ ከልክ ሲያልፍ ቀለሁ ተኳሹ ፊት አጠገብ ሊቀደድ ይችላል። አሁን ልብ በሉ፦ ይህ ጉድለት በፍልፍልም ላይ ይደርሳል። በፍልፍል ጠመንጃ መዝጊያው የሚቆለፈው በራሱ በሪሲቨሩ ገላ ላይ ነው፤ ያ ገላ በሙቀት ካልጠነከረ ወይም መዝጊያው ለስላሳ ከሆነ፣ የተፈለፈለበት ብረት የፈለገውን ያህል ግዙፍ ይሁን ይበላል። መፈልፈል ቅርጽ የማውጫ መንገድ ነው፤ ብረቱ ምን ያህል እንደጠነከረ አይናገርም። «ከአንድ ወጥ ብረት የተፈለፈለ» የሚል ማስታወቂያ የገዢውን ዓይን ከትራኒየኑና ከመዝጊያው ላይ አንስቶ ምንም ወደማይነግረው ወፍራም ግድግዳ ያዞረዋል።

ጥገናውንም አስቡት። በላሜራ ጠመንጃ ትራኒየኑ ቢበላ አንድ ጎበዝ የጠመንጃ ሠሪ ሪቬቶቹን ቦርቡሮ አውጥቶ ሌላ ይተካል። በአብዛኛው ፍልፍል ላይ የተበላው ሪሲቨሩ ራሱ ነው። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ተከታታይ ቁጥር የሚመታበት፣ እንደ ጠመንጃ የሚቆጠረው ሪሲቨሩ ነው። እሱ ሲሞት ጠመንጃው ሞተ። «ለልጅ ልጅ» የተባለው የትኛው ነው ታዲያ? ሰደፍና የእጅ መያዣ ለመቀየር እንኳ የላሜራ ኤኬኤም ባለቤት በየሱቁ ሞልቶለታል። ፍልፍሎች ከአምራች አምራች ይለያያሉ፣ ዕቃቸው ውድ ነው፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይገኝም። የዛስታቫ ላሜራም በዚህ በኩል የራሱ ልክ እንዳለው አልደብቅም።

ገንዘቡን እናስላ። በአንድ ጥሩ ላሜራና በአንድ ጥሩ ፍልፍል መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። 700 ዶላር ነው እንበል። አሜሪካ በ2021 ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ካቆመች ወዲህ የዚህ ጥይት የድሮው ርካሽነት አልፏል፤ አንዱን በግማሽ ዶላር ብናስላው ልዩነቱ 1,400 ጥይት ነው። ጀማሪ ተኳሽ ከአስተማሪ ጋር ሆኖ 1,400 ጥይት ቢተኩስ ምላጭ አሳሳቡ፣ ትንፋሹ፣ አቋቋሙ፣ የጥንቃቄ ልማዱ ይለወጣል። ከዚያ ላይ ቀንሶ ደግሞ ልጆች ላሉበት ቤት ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሣጥን ይገዛበታል። ይህን ሁሉ ትቶ ግድግዳው ለወፈረ ጠመንጃ የከፈለ ሰው ምን አገኘ? ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጥይት አጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያርፍ ቆንጆ ዕቃ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ጠመንጃውን ለሚሰበስብ ሰው ፍልፍል ደስታ ነው፤ ይግዛ። የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

በሜሪላንድ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ላስታውስ፦ የግዛቲቱ ሕግ ከ2013 ጀምሮ ክላሽን በማንኛውም መልኩ አዲስ መግዛትን ይከለክላል፤ ፍልፍል ሆነ ላሜራ ለሕጉ ልዩነት የለውም። ሌላም ግዛት የምትኖሩ ከመግዛታችሁ በፊት የግዛታችሁን ሕግ እዩ።

መጥፎ ላሜራ የለም አላልኩም። ሪቬቱ በትክክል ያልተመታ፣ የፊተኛው ማነጣጠሪያው ወደ ጎን ያዘመመ፣ ካዝናው የሚወላወል ሞልቷል። ለዚህ ነው ገዢው የሚጠይቀው ጥያቄ መለወጥ ያለበት። ሱቅ ስትገቡ «ፍልፍል ነው ላሜራ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ትራኒየኑ የተቀጠቀጠ ነው ወይስ የፈሰሰ? በርሜሉ ውስጡ ክሮም የተቀባ ነው? መዝጊያው ከየት ነው የመጣው? የሪቬቶቹ ራስ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ሙሉ ክብ ነው ወይስ ጎን ለጎን ተጨፍልቋል? በጠመንጃው ጀርባ ቆማችሁ የፊተኛውና የኋለኛው ማነጣጠሪያ ቀጥ ብለው መቆማቸውን ተመልከቱ። የመዝጊያውን ክፍተት በመለኪያ እንዲለካላችሁ ጠይቁ። ለእነዚህ መልስ ያለው ላሜራ ክላሽ ካገኛችሁ ያለ ስጋት ግዙ፣ በተረፈው ገንዘብ ጥይትና ትምህርት ግዙ። ሻጩ መዝጊያው የሚቆለፍበት ብረት እንዴት እንደተሠራ መናገር ካልቻለ፣ ያቀረበላችሁ ፍልፍልም ቢሆን፣ ዋጋውም ቢያጓጓ፣ ጠረጴዛው ላይ መልሱለትና ውጡ።